ጋሼ ኢተፋ እና መጨረሻው ቡሬ የቀረው መጽሐፍ

ውሸት ነው በሉኝ። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ደውላ "አባዬ አረፉ" ስትለኝ "የትኛው አባትሽ?" አልኳት። ስንት አባት ያላት ይመስል! ሰሞኑን እኮ በስልክ ስንጨቃጨቅ ነበር። የሚጨቃጨቅ ሰው እንዴት ይሞታል?

ወዳጆቼ፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። የመቱ ልጆች ጋሼ ኢተፋን በአስተማሪነታቸው ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙትን ጥያቄ ግን አታውቁም። እሱን ልንገራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እኔ ገና ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ መቱ የተመደብኩ ሰሞን። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብወለድ ኢሉባቦርን ይዞር ነበር፤ ባሕር ማዶ ሕዝብ በንጉሡ ላይ ስለተነሳበት አብዮት የሚተርክ።

መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ! ምን ተደረገ፣ ተገነጣጥሎ በክር ተሰፋ። አንዱ ክፍል መቱ፣ አንዱ ጎሬ፣ የመጨረሻው ቡሬ፣ የኛው የኢሉባቦሩ። አንዱ ከተማ አንብቦ ሲጨርስ በጭነት መኪና ለሌላው ይልካል። ስለዚህ ገልጦ መጨረሻውን የሚሰርቅ የለም፣ መገመት ብቻ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ኢተፋ ቤት እንሰበሰባለን። እሳቸው ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልናል። የንጉሡ ስም ሲነሳ አንዳችን ብድግ ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ግርማ ደግሞ "ኧረ ተዉ፣ የሰው አገር ንጉሥ ነው!" ብሎ ይስቃል።

ግርማ እጮኛዬ ነበር። ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው። ክረምቱ ሲወጣ ልንጋባ ቀን ተቆርጦልን ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሳቂታ ወጣት አለ። የትም ቤት ሲገባ ባርኔጣውን ረስቶ ይወጣል፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሮጦ ያደርስለታል። መሃል ላይ ግን አንድ ቀን ረስቶት ሲሄድ ማንም ሳይከተለው ይቀራል። ጋሼ ኢተፋ እዚያ ጋ ሲደርሱ ንባቡን አቆሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ኩን አከሱማን ሚቲ" አሉ። ይሄ እንዲሁ አይደለም ማለታቸው ነው። የዘወትር ቃላቸው ነበረች።

"ጋሼ ደግሞ! ደራሲው ገጽ ሊሞላ ነው እንጂ" አለ ግርማ።

"አይደለም ልጄ። ደራሲ ነገር የሚደጋግመው ሊያስለምድህ ነው። ካስለመደህ በኋላ ይነጥቅሃል። ይሄ ልጅ ይሄዳል፣ አይመለስም።"

ወይ ክርክር! እኩሌታችን ከጋሼ፣ እኩሌታችን ከግርማ ሆነን ገበያ መሃል ሳይቀር ተሟገትን። በመጨረሻ ግርማ "እኔው ራሴ ቡሬ ሄጄ መጨረሻውን አመጣዋለሁ፣ ጋሼን ሳላሳፍር አላገባም!" አለ።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሊሰናበታቸው አብረን ገባን። ዝናቡ አባርቷል፣ ጉሙ ግን ከተማውን አልለቀቀም፤ ደጅ ከቆመው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ግርማ ቀልዶ፣ ስቆ ወጣ። ጋሼ ኢተፋ ወደ ወንበሩ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። የግርማ ባርኔጣ እዚያ ተቀምጧል።

አንስተውት ሮጡ። እኚያ ጨዋ ሰው አንድ እግር ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ! የመኪናውን በር ሙጭጭ አድርገው ያዙና "ሂንዴሚን! አትሂድ ግርማ፣ በእናትህ፣ ለዛሬ ይቅርብህ!" አሉት።

ግርማ በመስኮት ባርኔጣውን ተቀበላቸው። "ይኸው አመጡልኝ አይደል ጋሼ? በራስዎ ሕግ እመለሳለኋ!" አለ። መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ጉሙ ዋጣቸው። የመኪናው ድምፅ ጠፍቶ እንኳ ሳቁ ይሰማኝ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ዛሬም አላውቅም።

ከጎሬ ወዲያ ያለው የእንጨት ድልድይ ተደርምሶ መኪናው ወንዝ ገባ። ሌሎቹ ወጡ። ግርማ አልወጣም። ወንዙ ሬሳውን እንኳ አልሰጠንም።

ለቅሶው ላይ ከቡሬ አንድ አስተማሪ የመጨረሻውን ክፍል ይዞ መጣ። "ለዚህ ብሎ አይደል መንገድ የወጣው፣ እኔ ጋ ሊቀር አይገባም" አለ። ጋሼ ኢተፋ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብለው አነበቡት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔን ፈለገ።

የመጽሐፉ ልጅ አልሞተም። አብዮቱን በሙሉ አልፎ፣ ባዶ ራሱን፣ እናቱ ቤት ይገባል።

"መጽሐፉን ተሳስቻለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ታዲያ ማንን ነበር የማነበው?"

 

ከዚያ በኋላ ያቺ "ኩን አከሱማን ሚቲ" የምትል ቃላቸው ካፋቸው ወጥታ አታውቅም። ልብወለድ ካነሱም ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚጀምሩት። "ማን እንደሚተርፍ ሳላውቅ አልገባም" ይላሉ። የራሳችን አብዮት የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ "ጋሼ፣ ምን ይታይዎታል?" እያለ ሲመጣ "እኔ ምንም አይታየኝም" ብለው በራቸውን ዘጉ።

ሰሞኑን የተጨቃጨቅነውም በዚሁ ነው። "ሟርቼበት ይሆን?" አሉኝ። ስንት ዘመን አይደለም ብያቸው! "አይደለም" አልኳቸው ደግሜ። "ታዲያ ምንድነው?" ሲሉኝ ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት።

ጋሼዬ፣ መልሱ ዛሬ መጣልኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቀደሙኝ። ያን ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ፣ ግርማዬን አትሂድ ብለው የለመኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሟርተኛ በር ይዞ አይለምንም።

በሰላም ይሂዱ። ማረፍ ይገባዎታል። ግርማን ሲያገኙት ግን፣ ስለ እኔ ከመንገርዎ በፊት፣ ሊያመጣልን የሄደውን መጨረሻ ይንገሩት። ሳይሰማው ነው የሄደው። ልጁ ቤቱ ገባ ይበሉት።