ሰዒድ በእርሳስ ያረመው መጽሐፍ

የጸሐፊነት ሥራዬን በጀመርኩበት ቀን እትዬ ዘሐራ መጽሐፍ ከመንካቴ በፊት እጄን አስታጠቡኝ። በወልድያ የአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። እኔ መርሳ የማስተምር ወጣት ነበርኩ፤ መርሳ ስላለችበት ስለ ሐብሩ ወረዳ መጽሐፍ ልጽፍ መነሳቴን ነገርኳቸው።

“የሐብሩ ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን አንብበሃል?” አሉኝ።

“አላነበብኩም። መኖሩንም አላውቅም።”

ከጠረጴዛቸው ጀርባ ካለው መደርደሪያ ሦስት ስስ መጻሕፍት አወጡ። አንዱን የጻፉት ጡረታ የወጡ የመርሳ መምህር ናቸው፤ የሐብሩን ምንጮችና የመንደሮቹን ስም አመጣጥ ይዘረዝራል። በስቴንስል የተባዛ፣ በስቴፕለር የተያያዘ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጬ አነበብኩት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወልድያ እሄዳለሁ። እትዬ ዘሐራ ያስቀመጡልኝ መጽሐፍ አይጠፋም። የጻፍኩትንም ያነቡልኛል፤ ግን አይምሩኝም።

“ይህን ከማን ሰማህ? ስሙን ጻፍ” ይሉኛል።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ሁላችንም ተበተንን። ስንመለስ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተገንጥሏል። ከአካባቢው መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አንድም አልቀረም። የዓመታት ልፋቴ የተመሠረተባቸው ነበሩና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘሐራ ግን የውሰት ካርዶችን ከወለሉ ላይ መልቀም ጀምረዋል።

“በውሰት የወጡት እዚህ አልነበሩም” አሉ። “ተነስ፣ እንፈልጋቸው።”

ካርዶቹን ይዘን ዞርን። ሲሪንቃ ላይ አንድ የግብርና ምርምር ሠራተኛ ሁለት መጽሐፍ መለሰልን። የምንጮቹ መጽሐፍ ካርድ ላይ ያለው ስም “ሰዒድ ይመር፣ መርሳ” ይላል።

መርሳ በር የከፈቱልን የሰዒድ አባት፣ አባ ይመር ናቸው። ገበሬ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን እትዬ ዘሐራ ስለ ሰዒድ ጠየቁ።

“ሰዒድ በጦርነቱ አለፈ” አሉ አባቱ። “አላህ ይዘንለት።”

እትዬ ዘሐራ ካርዱን ወደ ቦርሳቸው መለሱት። አባ ይመር አይተውት ኖሮ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ወደ ውስጥ ገብተው መጽሐፉን በፌስታል እንደተጠቀለለ ይዘውት ወጡ። ግን አላቀበሉንም።

“አልሰጣችሁም። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን እሱ የጻፈበት ነው። እጁ ያረፈበት ነው።”

“አንቱ ዘንድ ይቀመጥ” አሉ እትዬ ዘሐራ። “ይህ ልጅ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይገልብጠው።”

አባ ይመር አሰቡበትና ፈቀዱ። አራት ቀን ተመላልሼ ገለበጥኩ። ሰዒድ በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ ጽፏል። አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ “ይህ ምንጭ ደርቋል። ከግራሩ በላይ ሌላ አለ።”

“ያን ምንጭ ያየነው አብረን ነው” አሉ። ከዚያም “የሱንም ጻፈው” አሉኝ።

አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት። ግልባጩ ዛሬ ወልድያ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከመምህሩ ስም ሥር “አራሚ ሰዒድ ይመር” የሚል ሰፍሯል። እትዬ ዘሐራ በካርዱ ላይ “ዋናው አባ ይመር ቤት” ብለው መዘገቡ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ የአካባቢ መጽሐፍ ስታገኙ ሳትውሉ ሳታድሩ ገልብጡት፤ ግልባጩን ሌላ ከተማ አስቀምጡ። አንባቢ በጠርዙ የጻፈውንም አትዝለሉ።