የጋሼ ሑመድ ካሴት

ጋሼ ሑመድ የዳህላክ ደሴት ሰው ነበሩ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ወጥ ቤት ሲሠሩ አማርኛ ተማሩ፤ ከዚያ በንግድ መርከብ ዓለምን ሲዞሩ ኖረው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ወረዱና ቀሩ። በፈረንጆቹ 1976፣ ዛሬ በአገራችን ስም በሚጠራው በፌርፋክስ ሰፈር፣ ከእኔ ክፍል ሥር ተከራይተው ሃውቶርን በሚባል ሰፈር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

እኛ ያኔ ተማሪዎች ነን፤ የማናውቀው ነገር የለም። የጋሼ ሑመድን ቋንቋ ግን ዐረብኛ ነው ብለን አልፈነዋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ዐረብኛ አይደለም ልጄ። ትግረም አይደለም፤ ሰው ‹የተበላሸ ትግረ› ይለናል እንጂ። የኛ የደሴቶቹ ነው። ልጆቹ ጂዳ ሄደው ዐረብኛ ይዘው ይመለሳሉ። እኔም ልረሳው ነው፤ በቀደም ዓሣ መሸጫው ቆሜ የአንዱን ዓሣ ስም ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት።»

ያልነገሩኝንና ኋላ ያወቅሁትን ልጨምር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚያ ቋንቋ «እንደምን አደርክ» የሚላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ቋንቋው አይጻፍም፤ እናታቸውም ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ በመርከበኛ እጅ ባዶ ካሴት ላኩላቸው፤ የዓሣውን፣ የነፋሱን፣ የጀልባውን ዕቃ ስም ሁሉ ንገሪኝ ብለው። እናትየዋም ሞልተው መለሱላቸው። ጋሼ ሑመድ እሑድ እሑድ ጠዋት ትንሽ ይሰሙና ያቆማሉ፤ ከእናታቸው ኋላ ይደግማሉ። በወለሉ በኩል የሚሰማኝን ድምፅ እኔ ጸሎት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ዓመት እናታቸው አረፉ። ወርጄ ለቅሶ ደረስኩ።

«ድምፅዋ አለኝ» አሉኝ። በልባቸው ማለታቸው መሰለኝ።

የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ልማድ ነበረው፤ ክርክራችንን በካሴት ቀድተን በሌላ ከተማ ላሉ ጓዶች እንልካለን። አንድ ቅዳሜ ቴፓችን ተበላሸና እኔ ወርጄ የጋሼ ሑመድን ለመንኩ። ወደ ሥራ ሊሄዱ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። «ውሰጂ ልጄ» አሉኝ፤ ካሴቱ ውስጡ እንዳለ።

ቁልፉን ስጫነው አንዲት አሮጊት በማላውቀው ቋንቋ ቀስ ብለው ይናገራሉ። ደረጃው ላይ የሰማሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

ሊቀ መንበራችን ግርማቸው ሰዓቱን አየ። «የዐረብ ሬዲዮ ነገር ይሆናል። ሶ፣ ሌላ ካሴት የለንም፤ ሪከርድ አድርጊበት፣ ኦኬ?»

ያዘዘኝ ግርማቸው ነው፤ የተጫነችው ግን የእኔ ጣት ናት።

የዕለቱ አጀንዳ የብሔረሰቦች መብት ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመናገርና የመማር መብት አለው እያልን ጠረጴዛ ደበደብን። እኔም ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝ። የካሴቱን ሁለት ፊት ሞላነው ለማለት ትንሽ ቀረን። ማታውኑ ቴፑን መለስኩ፤ ካሴቱን ግን አወጣሁት።

እሑድ ጠዋት ጋሼ ሑመድ ቴፑን ይዘው በሬን አንኳኩ።

«የእናቴን ካሴት ረሳሽው፣ ልጄ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ፣ አድራሻ ተጽፎበት ነበር። ፖስታውን ቀድጄ ሰጠኋቸው። ካሴቱን አስገቡት። ከቴፑ ውስጥ ግርማቸው «ጓዶች!» አለ። ወደ ፊት አዞሩት፤ አሁን ደግሞ የእኔ ድምፅ ነበር፣ ስለ ተጨቆኑ ቋንቋዎች። ምነው በጮኹብኝ፣ ምነው በሰደቡኝ! እሳቸው ግን አዞሩት፤ ደግመው አዞሩት።

በመጨረሻ ጭብጨባችን ተቆረጠና አሮጊቷ ብቅ አሉ። ሁለት አጭር ነገር ተናገሩ፤ ካሴቱ አለቀ።

ጋሼ ሑመድ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅሁ።

«ምን አሉ?»

«‹ያዝከው ልጄ? ያልገባህ ካለ ጠይቀኝ› ነው የምትለው።»