ነጩና ቀዩ ፊኛ

መጀመሪያ የጀመረኝ ሳል ነው። ደረቅ ሳል። ሙቀቱ አናት የሚበሳበት ወር ስለነበር፣ ቬንትሌተር ፊት ተኝቼ ነው ብዬ ናቅሁት። ከወር በኋላ ማታ ማታ ያልበኝ ጀመር፤ አንሶላው ይጨመቃል። ቀሚሴ ሰፋኝ። አንድ ቀን እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልኩና መሐረቡን አየሁት። ደም ነበር።

አክታዬን ሰጠሁ። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሩ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ እኔ ድሬዳዋ ስላደግሁ በሶማልኛ እንግባባለን። «ሆዮ» አለኝ፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። «ቲቢ ነው። ይድናል። ግን ስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳታቋርጪ።»

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አዲሱ ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሲመላለስ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነበር። ቤት ያለነው እኔና የአሥር ዓመት ልጄ ሐያት ነን። እንዳላስይዛት ፈራሁ። የቤታችን ጣሪያ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ አልጋዬን እዚያ አወጣሁ። ብርጭቆዬን ለየሁ። ሐያት ምግቤን ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች።

«እማ፣ እንደ ድመት እኮ ነው የማበላሽ» ትለኛለች።

«ድመት አትስልም። ሂጂ ውረጂ።»

የመጀመሪያውን ወር ክኒኑን የዋጥኩት ክሊኒክ፣ ነርሷ ፊት ነው። ከዚያ የሳምንቱን እየሰጡኝ ቤቴ መዋጥ ጀመርኩ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንት ያቀላል፤ አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ስለ ሌላው መድኃኒት፣ ኤታምቡቶል ስለሚባለው ግን፣ ዶክተሩ እንዲህ አለኝ፦ «ዓይንሽ ከደበዘዘ ወይም ቀለም ከተምታታብሽ፣ በተለይ ቀይና አረንጓዴ፣ በዚያው ቀን ነዪ።»

አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዓይኔን ስገልጥ፣ በኤርፖርቱ በኩል አንድ ነጭ ክብ ነገር ከቤቶቹ በላይ ብቅ አለ። ድምፅ የለውም። ቁራዎቹ እንኳ አልጮኹበትም። ጨረቃ መስሎኝ ነበር፤ ጨረቃ ግን እንዲህ አትቸኩልም። ወደ ባሕሩ አዘነበለ፤ ብርቱካን አከለ፣ ሽምብራ አከለ፣ ሰሊጥ አከለ፣ ጠፋ። ትኩሳቱ ነው ብዬ ትራሴን ገልብጬ ተኛሁ። በማግስቱም መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰማዩ ደመና ለብሶ ነበር፤ ያው ነገር ቀይ ሆኖ ወጣ።

ዓይኔ ሄደ አልኩ።

ለማን ልንገር? ለዶክተሩ ብነግረው መድኃኒቱን ይነሣኛል፤ እሞታለሁ። ዝም ብዬ ብውጠው እታወራለሁ። ልጄን ማን ያሳድጋታል? ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰማይ ላይ ኳስ አያለሁ የሚል ሰው ምን ይባላል? ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ክኒኑን አቆምኩ። አራቱ መድኃኒት በአንድ ክኒን ነበርና ሁሉንም አቆምኩ። ትራስ ልብሱ ውስጥ ደበቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆኖ ወጣ። ዓይኔ ዳነ ብዬ አለቀስኩ። በስድስተኛው ቀን ቀላ። ትኩሳቱም ተመለሰ። ደረጃውን መውረድ አቃተኝ።

በማግስቱ ሐያት ሻይና ዳቦ ይዛ ወጣች። የማታው ምግብ እንዳልተነካ ስታይ ደረጃው ጫፍ ላይ አልቆመችም፤ አልጋዬ ድረስ መጣች። ልቆጣት አቅም አልነበረኝም። ፊቴን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩባት።

«ፊኛው ዛሬም ቀይ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፊኛው። ያውልሽ። እኔ ነጩን ነው የምወደው።»

«አንቺም ታዪዋለሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትምጪብኝ አላልሽም?»

እጇን ያዝኩ። ከያዝኳት ስንት ሳምንቴ። ጎረቤቶች ጠርታ ደግፈው አወረዱኝ፤ ክሊኒክ አደረሱኝ።

ሁሉን ስነግረው ዶክተሩ አልሳቀም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክኒኑ ነው። ትራስ ልብሱን ይዤ ስለሄድኩ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩለት።

«ስድስት ቀን» አለ። «ባሲሉን፣ ያን የቲቢ ጀርም፣ ስድስት ቀን አሳረፍሽው፤ እሱ ግን አያርፍም።»

ከዚያ በቀለም ነጥብ የተሞላ መጽሐፍ አወጣ። በነጥቦቹ መሃል ያለውን መንገድ በጣቴ ተከተልኩ። አንድ ገጽ አልሳትኩም። «ዓይንሽስ ከኔ ይሻላል» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ እያሳየኝ። ፊኛውንም አስረዳኝ፤ ወንድሙ የአየር ጠባይ ከሚለኩት ጋር ይሠራል። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ፊኛ ይለቃሉ፤ ሰማዩ ሲጠራ ነጩን፣ ደመና ሲሆን ቀዩን፣ ነጭ በደመና ውስጥ ይጠፋልና።

አክታዬን እንደገና መረመሩ። ባሲሉ መድኃኒቱን አልተላመደም። ያቋረጥኩትን አካክሰው ቀጠሉልኝ። ሐያትንም መረመሯት፤ ነጻ ናት። በኋላ የአክታዬ ውጤት ነጻ ሆኖ ሲመጣ፣ ዶክተሩ ከእንግዲህ አታስይዣትም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋቶቹ ረዘሙ። ሐያት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣና ከጎኔ ትቀመጣለች፤ ዳቦዋን ሻይዬ ውስጥ እየነከረች ነጭ ነው ቀይ እንወራረዳለን፤ ባሕሩ ገና እንቅልፍ ላይ እንዳለ፣ የጎረቤት አንሶላ በገመዱ ላይ ሲነፋ፣ ፊኛው ማንንም ሳይጠይቅ ከቤቶቹ በላይ ይነሣል፤ እኔም ትንፋሼ እስከ ሆዴ ድረስ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ሳል ሳያቋርጠው፣ ፊኛው ሰሊጥ አክሎ እስኪጠፋ። ምንም አላደረገልኝም። ሲወጣ ማየት ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

ለዶክተሩ፣ ለነርሷ፣ ደግፈው ላወረዱኝ ጎረቤቶቼ አላህ ኸይራቸውን ይክፈላቸው። እናንተ አሁን በክኒኑ ላይ ያላችሁ፣ ስትፈሩ በራሳችሁ አታቁሙት። እብድ የሚያስመስላችሁን ነገር ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ደረጃ መውረድ ቢያቅታችሁ፣ ከታች ያለውን ሰው ጥሩት። ይመጣል።