ረጅሙን ገመድ የሠራው ማን ነው?

ጋሼን በአፌ «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን አልለውም። ቢያንስ ወረቀቱ የራሴ ነው።

ሱቁ ካርቱም፣ ሳጃና የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ቅያስ ነበር፤ ይህ ሁሉ ከጦርነቱ በፊት ነው። ጋሼ በወጣትነቱ በፖለቲካ ተሰድዶ መጥቶ ካርቱም ላይ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ይገጣጥማል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል። «ለአበሻ ልጆች ሙያ ያስተምራል» ተብሎም ስሙ በየቤቱ ይነሳል። እኔ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ካርቱም ላይ የሰው ቤት ሳጸዳ ከረምኩ። እናቴ ናት ወስዳ ጋሼ እጅ ላይ የጣለችኝ። «አደራ፣ እንደ ልጅዎ» አለችው። እሱም እንደ ልጁ አየኝ፤ ማለትም ሻይ አስፈላኝ፣ ሱቁን አስጠረገኝ።

«እያየሽ ልመጂ» ይላል። ቀጥሎ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ በጀርባው ይጋርደዋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ የድሮ ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሙያውን ሰው የሚሰርቀው ይመስለዋል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ተከፍቶ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ፣ የማየው ሸሚዙን ነው። የሸሚዙን የጀርባ ስፌት ዛሬም በዓይኔ ልስለው እችላለሁ። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ስጠይቀው «ቀስ በይ፣ ትደርሽበታለሽ» ይለኛል። መቼ ነው የምደርስበት? እሱ ሲሞት?

ስለዚህ ለብቻዬ ተማርኩ። ጋሼ ለምሳ ሲወጣ፣ የተጣሉትን አሮጌ ሳጥኖች እየፈታሁ እገጥማለሁ። የካርቱም አቧራ እንኳን ኮምፒውተር ሳንባም ውስጥ ይገባል፤ ግማሹ ብልሽት አቧራ ነው። አልነሳም ያለ ማሽን ራሙን፣ ማለትም የማስታወሻ ካርዱን፣ አውጥቼ ወርቅማ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ሳሸው ይነሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ከሽታው ብቻ መለየት ቻልኩ። መጀመሪያ በራሴ እጅ ከቅራቅንቦ የገጣጠምኩት ማሽን በርቶ ማራገቢያው ሲዞር አለቀስኩ። ደስታ ብቻ አልነበረም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ የሸሸገኝ ብዬ ተናድጄ ነው።

የኔትወርክ ገመድን ነገር ያገኘሁትም እንዲሁ ነው። ገመዱ ውስጥ ባለ ቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ። ጋሼ ጫፉ ላይ ሲደረድራቸው ብርቱካኑን ከጓደኛው፣ አረንጓዴውን ከጓደኛው፣ ሰማያዊውን ከጓደኛው አድርጎ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። ፋብሪካ የሠራውን ገመድ ጫፍ ሳይ ግን ሰማያዊዎቹ በሁለቱ አረንጓዴዎች መሃል ነው የገቡት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ምክንያቱን አነበብኩ። የጋሼ አደራደር አጭር ገመድ ላይ ይሠራል፣ መፈተሻውም ላይ መብራቱ ሁሉ ይበራል፤ ገመዱ ሲረዝም ግን አንዱ ጥንድ የሌላውን መልእክት እየረበሸ ይቆራረጣል።

ብቻችንን ስንሆን፣ በትሕትና ነገርኩት።

«ኤሌክትሪክ ቀለም አያውቅም» አለኝ። «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። ኸላስ።» ኸላስ ካለ በቃ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን ጀሪፍ ሰፈር ያለ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል እንድንዘረጋለት ጠራን። ሥራውን የሰጠችን ሙዲራዋ፣ ማለትም ርእሰ መምህሯ፣ ረዘም ያለች፣ ቁጥብ ሱዳናዊት ናት። ሣጥን ስፈታ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ሥራው አምሮ ካለቀ የትምህርት ቤቱ ቋሚ ቴክኒሻን አድርጋ እንደምትቀጥረኝ ነገረችኝ። ሴቶች ልጆች ያሉበት ስለሆነ ሴት ነው የምፈልገው አለች። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ በትምህርት ቤቱ ስም ታወጣልኛለች። ያን ቀን እናቴን አቅፌ ዘለልኩ። ካርቱም ውስጥ ኢቃማ የሌለው ሰው ከሻ የሚሉትን የፖሊስ አፈሳ ሲሰማ የሚገባበት ይጠፋዋል። እኔ ደግሞ ከገበያ በአፈሳ ተወስጄ አውቃለሁ፤ እዚያ ያየሁትን አልጽፍም።

የክፍሉን አጫጭር ገመዶች እኔ ሠራሁ። ከክፍሉ ተነስቶ ግቢውን አቋርጦ ቢሮ የሚገባውን ልጀምር ስል ጋሼ ፒንሳውን ከእጄ ወሰደ። «ረጅሙን ለእኔ ተይው፤ እሱ የልጅ ሥራ አይደለም።» ዞር አለ። ጀርባውን አየሁ። ጓደኛ ከጓደኛው አድርጎ እንደሚደረድር አውቃለሁ፤ ጎንበስ ብዬ የተቆራረጠውን ሽቦ ከመሬት ለቀምኩ።

የርክክቡ ቀን ሙዲራዋ ከነሒሳብ ሹሟና ከነአስተማሪዎቿ ቢሮ ውስጥ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ይሠራል። ከቢሮ ግን ፋይል ሲከፈት ይጀምርና ይቆማል፣ ይጀምርና ይቆማል። ሒሳብ ሹሙ ፈገግ አለ። ሙዲራዋ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህንን ረጅሙን ገመድ የሠራው ማን ነው?»

ጋሼ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ ማለት ይቻላል፣ በአማርኛ፣ «ገመናችንን በሰው አገር እንዳታወጪ፣ ልጄ» አለኝ።

ይህችን አረፍተ ነገር የማያውቅ አበሻ የለም። ቤት ውስጥ ብንበላላም በባዕድ ፊት አንድ ነን። ታላቅ ሰው በሰው ፊት አይዋረድም። ስንት ሰው በዚህች አረፍተ ነገር አፉን ተለጉሞ እንደቀረ እግዜር ይቁጠረው።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ በጥሩ ዐረብኛ።

ጋሼ ወዲያው ነፍስ ዘራ። «ገና ለማጅ ናት፣ ኡስታዛ። እኔ አስተካክለዋለሁ፣ ኢንሻላህ» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ከዚያ ረጅሙን ገመድ መሃል ላይ ቆርጦ አንድ ማገናኛ ሳጥን ጣልቃ አስገባበት። ርቀቱ ስላጠረ ሠራ። እንጀራዬንም ኢቃማዬንም ወሰደ። ሙዲራዋ ሴት ነው የምፈልገው ማለቷን ትታ እሱን ቀጠረችው፤ ምን ታድርግ?

ጥቂት ቆይቶ በአንድ ዓርብ ጀብራ ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ። እናቴ ሻይ ቀዳችለት። አንድ ጊዜ ፉት አለና፣ ኔትወርኩ እንደገና እየተቆራረጠ መሆኑን፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የዘረጋውም ጨርሶ እምቢ ማለቱን ነገረኝ። «ትምህርት ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው። ያላ፣ ተነሺ፣ ማንም ሳያይ ሄደን ያንን የአንቺን አደራደር አድርጊልኝ።» የአንቺን አደራደር! አውቆታል ማለት ነው።

«አልመጣም፣ ጋሼ» አልኩት።

እናቴ ደነገጠች። «ምን ነካሽ? ቤትሽ ድረስ መጥተው?»

«አልመጣም።» ጋሼ ሻዩን ጨርሶ፣ እናቴን መርቆ፣ እኔን ሳያየኝ ወጣ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ፒንሳዬን ይዤ ለብቻዬ ሄድኩ። ሙዲራዋን ፈቃድ ጠይቄ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ዓይኗ እያየ ቆርጬ፣ በትክክሉ ደርድሬ ሠራሁት። ፋይሉ ተከፈተ። ደግማ ከፈተችው። ሌላ ከፈተች። ከዚያ ያን ቀን ረጅሙን ገመድ የሠራሁት እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳት።

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «በሰው ሁሉ ፊት ጠይቄሽ እኔ ነኝ አላልሽኝም?»

«እሱ ታላቃችን ነው» አልኩ። «በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው በእንግዳ ፊት አይዋረድም።»

«ሥራሽን አየሁ፤ ከእሱ ትበልጫለሽ» አለች። «እሱንም አሰናብተዋለሁ። ግን የልጆቼን ክፍል ቁልፍ የምሰጠው፣ ስጠይቀው እውነቱን ለሚነግረኝ ሰው ነው። አንቺ የእሱን ክብር ጠበቅሽ። እኔስ? እኔን ምን አደረግሽኝ?»

ጨካኝ ብትሆን ኖሮ እሷን ጠልቼ በተገላገልኩ ነበር፤ አልነበረችም። እስከ በሩ ሸኝታኝ ለሠራሁት ሥራ አመሰገነችኝ። ሌላ ሴት ቀጠረች፤ ቀለም መደርደር የምታውቅ ሱዳናዊት።

ጦርነቱ ሲጀመር ካርቱምን ለቀን ከእናቴ ጋር መተማ ደረስን። መመዝገቢያው ድንኳን ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ግማሽ ቀን ቆሜ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አገኘሁ። እግሬ አብጧል። ቀና ስል ጋሼ፣ አንድ ፌስታል ይዞ፣ በሰው መሃል እየተጋፋ ይመጣል። አየኝ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። በየመኝታዬ ያሳመርኩት፣ ቃል በቃል የማውቀው።

«ደህና ነኝ፤ እርስዎ ደህና ነዎት ወይ?» አልኩና ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩለት። እሱም ተቀመጠበት።