የኔታን ያመጣችው ዝምተኛ መኪና

ባሌ ቢተው ሰው መለመን አይችልም። መካነ ሰላም ውስጥ «ቢተው ኩሩ ነው፣ የማንንም እጅ አያይም» እያሉ ያመሰግኑታል። እኔ አብሬው የምኖረው አመለወርቅ ግን አውቀዋለሁ፤ ኩራት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ጨው አልቆብን «ከጎረቤት ጠይቅ» ስለው ጨው የሌለውን ወጥ እየበላ «ግድ የለም፣ እንዲህም ይጥማል» የሚል ሰው ነው።

ነገሩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። የኔታ ክንፈ ዘንድ ዜማ ይማር ነበር። የኔታ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ባለችው የኪዳነ ምሕረት ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ለምነው ይበላሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ የትምህርቱ ግማሽ ነው። ቢተው ድምፁ መልካም ነበር፣ ዜማውም ቶሎ ይገባው ነበር። ደጅ ላይ ሲቆም ግን ቃሉ ከጉሮሮው አይወጣም። ውሻው ይጮኻል፣ እሱ ዝም ይላል። ጓደኞቹ የለመኑትን እየተካፈለ ጥቂት ከረመና አንድ ማለዳ የእህል መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ጠፋ። ከዚያ ረዳት ሆነ፣ ሹፌር ሆነ፣ ሚኒባስ ገዛ፣ እኔን አገባ። እኔ ደግሞ የየኔታ የእህት ልጅ ነኝ። እንዲያም ሆኖ የኔታ ከሩቅ ሲመጡ ካየ መንገድ ይቀይራል።

ኋላ ነዳጅ ጠፋ። ለነዳጅ መሰለፉ ራሱ ልመና ሆኖ ታየው መሰለኝ፣ አሮጌዋን ሚኒባስ ሸጦ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ ሚኒባስ ገዛ። «ከእንግዲህ ማንንም ደጅ አልጠናም፤ ከገዛ ግድግዳዬ ሰክቼ እሄዳለሁ» አለኝ። መኪናዋ ድምፅ የላትም። እሷ ላይ ስቀመጥ በሕልሜ የምሄድ ይመስለኛል። አህያው፣ የገብሱ ማሳ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ሳይሰማን በመስኮቱ ያልፋል፤ እኔም ወሬ ጀምሬ መሃል ላይ የምለው ይጠፋኛል። እኔን ዝም ያሰኘች የመጀመሪያዋ ፍጥረት እሷ ናት ይላል ቢተው።

መጀመሪያ ሰሞን ቁልቁለት ሲያገኝ፣ እንደ ድሮው ነዳጅ ሊቆጥብ፣ ማርሹን ነፃ ይለቅ ነበር። ለካ የኤሌክትሪክ መኪና በማርሽ ይዘዋት ሲወርዱ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ይህን የነገሩት በቴሌግራም የሚገናኙት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ናቸው። «ተራራው የሚሰጠኝን ስንት ጊዜ ሜዳ ላይ ደፋሁት» ብሎ ተክዞ ዋለ።

ከቁልቁለቱ ይልቅ ያስቸገረው ግን መሰኪያው ነው። ቤት ውስጥ ስትሰካ ቀስ እያለች ትሞላለች፤ ሩቅ ስትሄድ ግን ደሴ ያለው ፈጣን ቻርጀር ያስፈልጋታል። እሱ ሰው ምሳውን በልቶ እጁን እስኪታጠብ ይሞላታል። ታዲያ መኪኖቹ ከየአገሩ ስለሚመጡ የአንዱ መሰኪያ ለሌላው አይገጥምም። ዘንድሮ የገጠመው ለከርሞ ይቀየራል። በከተማችን ያሉት ጥቂት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች መክረው አንዱን መሰኪያ ከሌላው የሚያገናኝ አዳፕተር በጋራ ገዙ። እንደ እድር ድንኳን በተራ ይዋዋሱታል፤ የወሰደ ጠርጎ ይመልሳል። «የመሰኪያ እድር» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። አልሳቁም።

ባለፈው ክረምት የኔታ ታመው ደሴ ሆስፒታል ገቡ። ሚስትም ልጅም ስለሌላቸው አስታማሚያቸው እኔ ሆንሁ። ብዙ ከተኙ በኋላ ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና «ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» አለኝ። ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። የኔታ ሳልነግራቸው ገባቸው።

«ሞቱስ ግድ የለም» አሉኝ። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሟች የሚሸኝበት የመጨረሻው የስንብት ዜማ አለ፤ በዚያ አገር ከእኔ በቀር ያልተሰበረውን የሚያውቅ የለም። ይሄነው ጀምሮታል፤ መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልስማው፣ ላቅናው። ካልሆነ ከእኔ ጋር መቀበሩ ነው።»

ይሄነው የተማሪዎቹ ታላቅ ነው፤ የኔታ ከሌሉ ጉባኤውን የሚይዘው እሱ ነው። ቢተው ሊወስደን ደሴ ሲመጣ ይህንኑ ነገርሁት። ፈራ፤ ግን እስከ አልጋቸው ድረስ መጣ። የኔታም ምንም እንዳልነበረ «ቢተው፣ ወፈርህ» አሉት።

ወደ ቻርጀሩ ስንሄድ የድሮው ማሽን ተነሥቶ አዲስ ተተክሏል። የምትጠብቀው ልጅ በለጡ ትባላለች፤ «ጋሼ፣ ይሄ አዲሱን መሰኪያ ብቻ ነው የሚቀበል» አለችው። ቢተው የእድሩን አዳፕተር አውጥቶ ሰካ። ገጠመ። ማሽኑና መኪናዋ ግን ኤሌክትሪኩ ከመልቀቁ በፊት በሽቦው ውስጥ መነጋገር አለባቸው አሉ፤ ሳይግባቡ ቀሩና ቀይ መብራት በራ። ነቅሎ ሰካ፣ ነቅሎ ሰካ። በቴሌግራም ጠየቀ፤ «የእኔንም እንቢ አላት» የሚል መልስ መጣለት።

«ዛሬ እዚሁ እንደርና ከአንዱ ቤት እንሰካት» አልሁ።

«አመለ፣ እኔ ስንት ማደር እንደቀረኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ የኔታ። ቢተው የቀረውን ባትሪ አየ። ዳገቱን ከወጣን ቁልቁለቱ ያግዘናል ብሎ ይዞን ተነሣ።

ዳገቱ በላው። ጉጉፍቱ ከሚባለው ደጋ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ባትሪም ብርድ አይወድም። የኔታ በጋቢ ተጠቅልለው እንቅልፍና ንቃት መካከል ነበሩ። «አመለ፣ እየሄድን ነው ቆመናል?» ይሉኛል። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ እኔም አላውቅም ነበር። ነጭ ብቻ ነው፤ አንድ ባሕር ዛፍ ይመጣና ይሄዳል። ኋላ ግን በእርግጥ ቆምን። በስተቀኝ የመብራት ሽቦ የገባለት ቆርቆሮ ቤት አለ።

ቢተው የመኪናዋን መሙያ ገመድ ይዞ ወረደና አጥሩ ደጃፍ ቆመ። ውሻው ጮኸ። ቢተው ዝም አለ። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ያ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ደበሎ የለበሰ ልጅ ሆኖ ታየኝ። ልወርድ ስነሣ የኔታ እጄን ያዙኝ። «ተይው፣ ይጣራ።» ጠበቅን። ውሻው ደክሞት ተኛ፤ ቢተው አሁንም ቆሟል።

ያኔ የኔታ የመኪናዋን በር ከፈቱ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እየተንገዳገዱ ሄዱና አጠገቡ ቆሙ። መምህር አይለምንም፤ ለመምህር ተማሪ ይለምንለታል። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ተሰምቶ አይታወቅም። የኔታ ግን በዚያ በከሳ ደረታቸው «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብለው ተጣሩ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ረጅም መንገድ ሄደ። ቢተው አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

በሩን የከፈተው ሱፍያን የሚባል ገበሬ ነው። ቆሎ ይዞ ነበር የወጣው።

«መርሃባ አባባ፣ ግቡ። ማርያምን ጠርተው ብርድ ላይ ይቆማሉ?»

«ልጄ፣ እህል አይደለም የምለምንህ፤ መብራት ነው።»

ሱፍያን ገመዱን አየ፣ መኪናዋን አየ። «መብራት? ከዕድሜዬ መብራት የለመነኝ ሰው የለም። በሉ አምጡት። ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣ ያመጣዋል አላህ» አለና ጫፉን ተቀበለ። ሚስቱ አልጋዋን ለየኔታ ለቀቀች። እኛም አደርን፤ መኪናዋም ከጓሮው ግድግዳ እየጠጣች አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢተው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ወጥቶ ለይሄነው ደወለ። ትናንት ሳንደርስ ስለቀረን ሰው እንዳይሠጋ ብሎ ነው። አጠገቡ ነበርሁ፤ ያለውን ቃል በቃል ሰምቻለሁ። «አይዞህ፣ የኔታ ደህና ናቸው። ትንሽ ደክሟቸው ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞብን ነው የዘገየነው። ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስባችሁ ጠብቁን።» ይሄነው «እሺ ጋሼ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ዘጋው። ጥሩ ምርቃት ነው ብለን ተነሣን።

ቁልቁለቱን በማርሽ ይዟት ወረደ፤ ባትሪው ቀስ እያለ ሲጨምር የኔታ እንደ ልጅ ቁጥሩን ያዩ ነበር። «ያን ጊዜ ለምን ጠፋህ?» አሉት ድንገት።

«አፌ እንቢ ብሎኝ፣ የኔታ። መለመኑ።»

«ይኸው ነው?» አሉ። «እኔ ደግሞ ማስተማሬ የመረረህ መስሎኝ ስንት ዓመት አዘንሁ።»

የአቀስታን ከተማ አልፈን ባትሪው ሲጎድል ቢተው ሳይነግረን ቆመና ገመዱን ይዞ ወረደ። ድምፁ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ ወጣ ግን። አንዲት ሴትዮ ገመዱን በመስኮቷ አስገብታ ሰካችለት፤ ቆሎም ጨመረችለት። ቆሎውን እየቆረጠመ ሲመለስ ያን ያህል ቀሎት አይቼው አላውቅም።

ደብሩ የደረስነው ወደ ማታው ግድም፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ጥዶቹን ከሸፈነ በኋላ ነው። መጀመሪያ ደወሉን ሰማን። ከዚያ ዜማ። ቢተው ቀስ አለ። በጉሙ ውስጥ ሰዎች በሁለት ረድፍ መቋሚያ ይዘው ቆመዋል፤ ከአጥሩ ሥር ጎረቤታችን አሰጋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ቢተው።

የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። አባቱ ለሞተበት ሰው «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና» ነው የሚባለው። «ደህና ናቸው» ያለ ደዋይ፣ «ደክሟቸው ነው» ያለ ደዋይ፣ በዚያ ላይ «ሰው ሰብስባችሁ ጠብቁ» ካለ፣ ከዚህ በላይ ምን መርዶ አለ? ቢተው ሰውን ላለማስጨነቅ ብሎ በገዛ አፉ የኔታን ገደላቸው። የቆሙት አስከሬኑን ሊቀበሉ ነው።

ተሽቀዳድሜ በሩን ልከፍት ስል የኔታ መቋሚያቸውን በእጄ ላይ አሳረፉ። «ዝም በሉ» አሉ። «ይኸ እኮ እሱ ነው።»

የስንብቱ ዜማ ነበር። የመኪናዋ ድምፅ ስለሌለ ማንም መምጣታችንን አላወቀም። ከፊት ይሄነው ዓይኑን ጨፍኖ ይመራል። የኔታ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አስደረጉና ጆሯቸውን ሰጡ። በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተላሉ። መካከሉ ሲቀርብ ጣታቸው ቆመ፤ ትንፋሻቸውም የቆመ መሰለኝ። ይሄነው ወጣ፣ ወጣ፣ ድምፁ ጫፉ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳይሰበር ቀስ ብሎ ወረደ። ተማሪዎቹ ተቀበሉት።

«ያዘው» አሉ የኔታ። እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። «ሐዘን አስተማረው። እኔ ቆሜ ሳለሁማ እንቢ ብሎት ነበር።»

«እንግዲህ ይውረዱና ይዩዎት፤ ሰው እያለቀሰ ነው እኮ» አልሁ። እኔም አለቅስ ነበር።

«ጀምረውታል፤ መቋረጥ የለበትም።»

ቢተው ደግፎ አወረዳቸው። ወደ ፊት፣ ወደ ቦታቸው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሄዱም። ጉሙን ተከልለው ከረድፉ መጨረሻ፣ አዲስ ተማሪ ከሚቆምበት፣ ሄደው ቆሙና ለራሳቸው ስንብት የሚዜመውን ከተማሪዎቻቸው ጋር ያዜሙ ጀመር። ቢተውም አጠገባቸው ቆሞ ያስታወሰውን ያህል ተቀበለ። አጠገባቸው ያለው ተማሪ ዞር ብሎ አያቸው፤ ቃሉን ግን አላቋረጠም።