በፍልሰታ ቁርስ

በዚያ ሐምሌ «ውሃ ጠጪ» ያላለኝ ሰው አልነበረም። ላስ ቬጋስ ውስጥ በሙቀቱ ወራት ይህ ምክር ከሰላምታ አይለይም፤ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ እንኳ በር ላይ ካየኝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ባዶ ውሃ በብዛት በጠጣሁ ቁጥር የሚደርቅ ሰውነት ይዤ ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ይህን ለስንቱ አስረድቼ እዘልቀዋለሁ? «እሺ» ብዬ አልፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት ሲቆስልና ሲደማ የኖረውን ትልቁን አንጀቴን ሐኪሞች ቆርጠው አወጡት። የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆዴ ቀኝ በኩል ወደ ውጭ አውጥተው ከላዩ ከረጢት ለጠፉበት። ከዚያ ወዲህ የበላሁት የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ከረጢቱ ሲሞላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አራግፈዋለሁ። ከሕመሙ ስለተገላገልኩ ማማረር አልነበረብኝም። አማረርኩ እንጂ፣ በደንብ አድርጌ።

አመጋገቡን ያስተማረችኝ ነርስ ነገር መድገም የማይሰለቻት ሴት ነበረች። ውሃና ጨው መጥጦ ለሰውነቴ ያስቀርልኝ የነበረው ያ የወጣው አንጀት መሆኑን ነገረችኝ። አሁን ባዶ ውሃ ብቻ በላይ በላዩ ከጠጣሁ ወዲያው ይወጣል፤ ሲወጣም ጨዌን ይዞብኝ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው መጠጤ ጨውና ስኳር ያለው ብጥብጥ ሆነ፤ አገር ቤት ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ያ ኦ አር ኤስ። እሱንም ቀኑን ሙሉ ፉት እያሉ ነው እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይጨለጥም። ምግቡም ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ነጭ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ዳቦና የተላጠ ድንች ይፈቀዳል። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ጥሬ ቅጠላ ቅጠል አንጀቱን እንዳይዘጉት ለጊዜው ክልክል ናቸው። እንጀራ ቆየት ብሎ፣ በትንሹ፣ በደንብ ታኝኮ። እንጀራ ማኘክ ደግሞ ማን አስተምሮን ያውቃል? ስንውጥ ያደግን ነን።

«ከደረቅሽ የሚጎዳው ኩላሊትሽ ነው» አለችኝ ስንሰነባበት። ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አማቴ ሊያስታምሙኝ ከአዲስ አበባ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ባለቤቴ ኤፔክስ የሚባል ከከተማው ወጣ ያለ ቦታ መጋዘን ውስጥ ስለሚሠራ ሳይነጋ ይወጣል፣ ከምንኖርበት ከሄንደርሰን እስከዚያ ያለው መንገድም ቀላል አይደለም፤ ቀኑን ቤት የምንውለው እኔና አማቴ ነን። እናቱ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር አስምዬው ነበር፤ ስለ ከረጢቱ እንዳይነግራቸው። «የሆድ ኦፕራሲዮን ነው» ተባሉ፣ አበቃ። ምን ላድርግ፣ አማት ናቸው! ሰርጌ ላይ ካዩኝ ወዲህ ገና መገናኘታችን ነበር። ሰፊ ቀሚስ እየለበስኩ፣ በየሰዓቱ መጸዳጃ ቤት እየተመላለስኩ ስቀመጥ ስነሳ ፊታቸውን አነባለሁ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም ነው። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም፤ ባለቤቴ እንደነገረኝ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ቀን ገድፈው አያውቁም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዳቦዬንና ብጥብጤን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ስቀመጥ የጸሎት መጽሐፋቸውን አጥፈው ወደ ሳሎን ሄዱ። ጹሚ አላሉኝም። ምናልባት በሰላም እንድበላ ብለው ይሆናል የተነሱት። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ታማሚ ሆኜ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ጭራሽ በፍልሰታ ጠዋት አማቷ ፊት የምታላምጥ ምራት ልባል ነው? ዳቦውን ወደ ቦታው መለስኩት።

በማግሥቱ ጾምኩ። በሦስተኛውም ቀን ጾምኩ። ብጥብጤን ፍሪጅ ውስጥ ከአትክልቱ ጀርባ ደበቅኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አብረን ቀረብን፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድፍን ምስር። በላዩ ላይ በረዶ የሞላበት ውሃ በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ገለበጥኩ። አማቴ አይተውኝ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ በረታሽ» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ያቺን «ጎሽ» ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ሌሊቱን ከረጢት ሳራግፍ አደርኩ፤ ቅር አላለኝም።

ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ባቴን ቁርጥማት ያዘኝ፣ አፌ ደረቀ። ነርሷ ተጠንቀቂ ያለችኝ አንድ በአንድ እየመጣ መሆኑን አውቄያለሁ። ነገ እተዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ አማቴ ከእኔ በፊት ተነስተው እየጸለዩ ነው።

የወደቅኩት የገበያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። አማቴን ይዤ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ጥቂት እንደተራመድኩ አስፋልቱ ወደ እኔ መጣ። ቀጥሎ የማስታውሰው አማቴ በአማርኛ «የሰው ያለህ!» እያሉ ሲጮሁ ነው። ሰው ደረሰ፣ አምቡላንስ መጣ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቀሚሴን ሲገልቡት አማቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ከረጢቱን አዩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ግሉኮስ ተሰካልኝ። ሐኪሙ ኩላሊቴ መጎዳቱን፣ ለዛሬው እንደሚያገግም፣ ደግሜ እንዲህ ሆኜ ከመጣሁ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ነገረኝ። ባለቤቴ ከነሥራ ልብሱ ሲደርስ እናቱ ሰላምም ሳይሉት ጥግ ይዘው ጠየቁት።

«ሆዷ ላይ ያለው ምንድነው?»

ነገራቸው፤ አሁን ምን ይደብቃል።

«እና ስንት ጊዜ ነው መብላት ያለባት?»

«ቀኑን ሙሉ፣ ትንሽ ትንሽ። መጠጥም አላት፣ ጨው ያለው። እኔ ሺፍት ላይ ስለምሆን ቼክ አላደርጋትም እንጂ፣ ትወስዳለች ብዬ ነው የማስበው።»

አማቴ ወደ አልጋዬ መጡ። «እኔን ፈርተሽ ነው?»

«አፍሬ ነው፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ተቀይመውኛል ብዬ ሌላ ፍርሃት ጀመረኝ።

ቤት በገባሁ ማግሥት ጠዋት የቀሰቀሰኝ የንጥር ቅቤ ሽታ ነው። በፍልሰታ! ወጥ ቤት ስገባ አማቴ ከነጭ ዱቄት ገንፎ አገንፍተው፣ በርበሬ ሳይነካው መሐሉን በቅቤ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። የደበቅኩት ብጥብጥ አጠገቡ ቆሟል።

«ብይ» አሉኝ።

«እማማ፣ ሽታው እንዳይረብሽዎት ክፍሌ ይዤው ልግባ።»

«ቁጭ በይ። አራስ ነሽ። አራስ አትጾምም፣ ብቻዋንም አትተውም።»

«ልጁ የታለና ነው አራስ የምሆነው?» አልኩ፤ ቁጣ ቁጣ ብሎኝ ነበር።

«ከሆድሽ ያወጡት አነሰሽ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ማንኪያውን ግን አላነሳሁም። እውነቴን ነው፣ እጄ እንቢ አለኝ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ባዶ ሆዳቸውን ፊቴ ተቀምጠው እኔ ቅቤ ልበላ? ገንፎው እየቀዘቀዘ ሄደ።

አማቴ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ተቀመጡና ከገንፎው ጠርዝ ቆርሰው ቅቤው ውስጥ ነከሩት። ሊያጎርሱኝ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን አማትበው ራሳቸው ጎረሱት፤ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡት።

«እማማ! ምን ነካዎት?»

«ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉ። «በይ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው።»

በላሁ። እየተነፋረቅኩ፣ አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ በላሁ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አድርጎ ወዶኝ አያውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው።

ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ አማቴ በየጠዋቱ ከእኔ ጋር አንድ ጉርሻ ይጎርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ይነሳሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም።