ታንኳ የሚጭን ጋሪ

ሽማግሌው የታንኳ ጋሪዎቹን አንድ በአንድ እየገፉ፣ ጎማቸውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ቦት ጫማቸው ላይ የሐይቅ ጭቃ ደርቋል።

«አባባ፣ ይሄኛው ይቀልዎታል፤ ለሁለት ከያዛችሁት ከነታንኳው ብድግ ነው» አለች ሻጯ።

«ለሁለት የሚለውን ተይው፣ ልጄ፤ አሁን ብቻዬን ነኝ። ጠንካራውን አሳዪኝ።»

«እንግዲያስ ይሄ ብረት ነው። ዕድሜ ልክ ያገለግላል።»

«የማንን ዕድሜ?» ብለው ሳቁ። እሷ መሳቅ አቃታት።

ለሙከራ የሱቁን ታንኳ ጫኑበት። ገመዱን ሲያስሩ እንኳ እንድታግዛቸው አልፈቀዱም። ጋሪውን እየጎተቱ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን፣ ዘወር ሳይሉ፣ «ደፉን ልብ በይ፣ የኔ ዓለም!» አሉ።

ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ሻጯ ከባንኮኒው ሮጣ ወጥታ የታንኳውን ጫፍ ያዘችና፣ ቀስ ብላ «እሺ» አለች።